አልቃሿ ከሰሜን ለንደን

(ከታች የምታነቧቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ ብዬ ነው።)

ነገሩ የሆነው በ2007 ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ነበርኩ። የሰንበቱ ወጥ ምድጃ ላይ ነው፤ ወጥ ቤት ያለው ሬዲዮ ተከፍቷል። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትዘፍናለች። ከበሮው እንደ ቀብር ጉዞ ቀስ እያለ ይመታል፤ ድምፅዋ ወፍራም፣ ከዕድሜዋ በላይ ያረጀ ነው። እናቴ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አታውቅም። ማማሰያውን እንደያዘች ዞር አለችና፦

"ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተባትም፤ ፍቅረኛዋ ትቷት ወደ ድሮዋ ሴት ተመልሶባት ነው" አልኳት።

ትንሽ አዳመጠች። "ለዚህ ነው እንዲህ የምታለቅሰው? … ግን ታውቅበታለች" ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

"ታውቅበታለች" የሚለው ነገር ከእናቴ አፍ ሲወጣ ቀላል ምስጋና አይደለም። ጎንደር ገጠር ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሲሞት ዝም ብሎ አይለቀስም፤ አልቃሽ አለች። የሟቹን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ በሕይወቱ የሠራውንና ሳይሠራው የቀረውን ጠይቃ ትይዛለች፤ ከዚያ ሙሾዋን ስታወርድ ሌላው ይቀበላታል፣ ደረቱን ይደቃል። ዓይኑ ደርቆ የመጣው ጎረቤት እንኳ አንጀቱ ተላውሶ ይንሰቀሰቃል። በእኛ በቤተ እስራኤል መንደርም፣ በክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ዘንድ እንዲሁ ነበር። አልቃሿ ግን ማታ ቤቷ ገብታ እራቷን ትበላለች። "ይቺ ሴትዮ ብትታመም ነው እንዲህ የምታለቅሰው" የሚል አንድ ሰው አልነበረም። ሙያዋ ነዋ!

ያቺ በሬዲዮ የሰማናት ልጅ ኤሚ ዋይንሃውስ ናት። ከአራት ዓመት በኋላ ሞተች። ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ የሚባለውን ስሰማ የእናቴ ንግግር ይመጣብኛል። ብዙው ሰው "ሐዘኗ ገደላት፤ ዘፈኖቿ ገና በሕይወት ሳለች የቆፈረቻቸው መቃብር ናቸው" ይላል። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። ዘፈኖቿ ሙያዋ ነበሩ። የገደላት በሽታ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ለምን እንደሚያስፈልገን በኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ግን ከሥሩ ልጀምር።

አሜሪካኖች አንድ ሰው የተወውን ወይም የማይወደውን ሰው ከልቡ አላወጣ ሲል "ችቦ ተሸክሟል" ይላሉ። (ችቦ ስላልኩ ደመራ እንዳይመጣባችሁ!) እንዲህ ላለው ሰው የሚዘፈነውን "የችቦ ዘፈን" አሉት፤ ስሙ የተለመደው በ1920ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። የእኛ አማርኛ ግን ከዚያ የተሻለ ስም አለው፤ ትዝታ። የቅኝቱም ስም ትዝታ ነው፣ የዘፈኑም ትዝታ ነው፣ የሕመሙም ትዝታ ነው። ስለዚህ የችቦ ዘፈን ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ዘፈን በአሜሪካ መድረክ ላይ ካነገሡት አንዷ ፋኒ ብራይስ ነበረች። በ1891 ኒውዮርክ የተወለደች፣ ከአውሮፓ ተሰደው የመጡ አይሁድ ልጅ ናት። የምትታወቀው በአስቂኝነቷ ነበር፤ ገና መድረክ ላይ ስትወጣ ሰው ይስቃል። በ1921 ግን ዚግፌልድ ፎሊስ በተባለው ታላቅ ትርኢት ላይ ቀልዷን ትታ፣ ከፈረንሳይኛ የተመለሰውን "ማይ ማን" የተባለ ዘፈን ዘፈነች። ቢበድላትም ባሏን መተው ስለማትችል ሴት ነው። ተመልካቹ ደግሞ የራሷ ባል፣ ኒኪ አርንስታይን የተባለው፣ በሰነድ ስርቆት ተከሶ እንደሚንገላታ በጋዜጣ አንብቧል። እናም ዘፈኑን ሲሰማ የዘፋኟን ገበና ያየ መሰለው። የችቦ ዘፈን አደጋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮት አለ፤ ሰሚው ዘፈኑን ትቶ ወደ ዘፋኟ ጓዳ ይገባል። ይህን ያዙልኝ።

ሌላም አንድ ነገር ያዙልኝ። በ1930 "ቦዲ ኤንድ ሶል" የተባለ ዘፈን መጣ፤ "ሥጋና ነፍስ" እንበለው። ዜማውን ያወጣው ጆኒ ግሪን የተባለ የኒውዮርክ አይሁድ ወጣት ነው። መጀመሪያ ለንደን ላይ ተሰማ፤ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ መድረክ ላይ ሊቢ ሆልማን ዘፈነችው፤ እሷም የአይሁድ ልጅ ናት። ወዲያው ግን ጥቁሮቹ የጃዝ ሰዎች ተረከቡት። ሉዊ አርምስትሮንግ በዚያው ዓመት ቀረጸው። በ1939 ኮልማን ሆኪንስ በሳክስፎን፣ ዜማውን ቀጥታ ሳይነካው ዙሪያውን እየዞረ የተጫወተው ቅጂ ዛሬም የጃዝ ተማሪ ሁሉ የሚማርበት ነው። በ1940 ቢሊ ሆሊደይ ዘፈነችው።

ስለ ቢሊ ሆሊደይ ትንሽ ቆም ልበል። እኛ ጥቁሮች ነን፣ አይሁድም ነን፤ "ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ ይሆናሉ?" ብሎ የሚጠይቀን ሰው እዚህ አገር ገብተን ስንት ዓመት ሞላን፣ ዛሬም አልጠፋም። በ1938 መጨረሻ ባርኒ ጆሴፍሰን የተባለ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ኒውዮርክ ውስጥ "ካፌ ሶሳይቲ" የሚባል የሙዚቃ ቤት ከፈተ። ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ የሚቀመጡበት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አቤል ሚሮፖል የተባለ አንድ አይሁዳዊ መምህር ጥቁሮች በዛፍ ላይ ተሰቅለው የተገደሉበትን ፎቶ አይቶ የጻፈውን ግጥም ዜማ አበጅቶለት ነበርና በ1939 እዚያ ቤት ውስጥ ቢሊ ዘፈነችው። "ስትሬንጅ ፍሩት" ይባላል። ስትዘፍነው መብራት ይጠፋል፤ ፊቷ ላይ ብቻ ይቀራል፤ አስተናጋጁ ባለበት ይቆማል። የምትሠራለት ትልቁ የሸክላ ኩባንያ አልቀርጽም አላት። በመጨረሻ የቀረጸላት ሚልት ጌብለር የተባለ አይሁዳዊ የሸክላ ሱቅ ባለቤት ነው። ይህ የፍቅር ዘፈን አይደለም፤ ሙሾ ነው፤ በባዕድ ቀብር ላይ የተጻፈ ሙሾ፣ ለቅሶው የራሷ በሆነ ሴት የወረደ።

ቢሊ በ1959 ኒውዮርክ ሆስፒታል ውስጥ በ44 ዓመቷ ስትሞት፣ አደንዛዥ ዕፅ ይዛ ተገኘች ተብላ አልጋዋ ላይ እንዳለች በቁጥጥር ሥር ነበረች። ሐኪም የሚያስፈልጋትን ሴት ፖሊስ ይጠብቃት ነበር። ስለ እሷም ያኔ የተባለው ያው ነው፤ "ሐዘኗ ገደላት"።

(በነገራችን ላይ፣ ከእኛው ልጆች አስቴር ራዳ በ2015 የኒና ሲሞንን ዘፈኖች አንድ ላይ አድርጋ ያወጣች ጊዜ አንዳንዱ ሰው "የአሜሪካ ጥቁሮች ዘፈን ለእሷ ምኗ ነው?" ብሎ ነበር። ከላይ ያለውን ላነበበ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። ደግሞም ያቺው ልጅ የሙሉቀን መለሰን ዘፈን በአማርኛ ትጫወታለች።)

ወደ ኤሚ ልመለስ።

የአባቷ ቅድመ አያቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሚንስክ ተነሥተው ለንደን የገቡ አይሁድ ናቸው። ያኔ እንደመጣው ስደተኛ ሁሉ መጀመሪያ በምሥራቅ ለንደን ተጣበው ኖሩ፤ ልጅ በልጅ ሲተካ ኑሮ ቀና ሲል ደግሞ የብዙው ሰው መንገድ ወደ ሰሜን ለንደን ሆነ። ኤሚ እዚያ፣ በሴፕቴምበር 14 ቀን 1983 ተወለደች፤ ሳውዝጌት በሚባል ሰፈር አደገች። አባቷ ሚች በኋላ ታክሲ ነጂ፣ እናቷ ጃኒስ ደግሞ ፋርማሲስት ሆኑ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ተለያዩ።

ወንድሟ አሌክስ በኋላ እንደተናገረው ቤተሰቡ ሃይማኖተኛ አልነበረም፤ ወግ ግን ይጠብቅ ነበር። ዓርብ ማታ አያታቸው ሲንቲያ ዘንድ ተሰብስቦ መብላት ወግ ነው። አሌክስ የዶሮ ሾርባ መሥራት እንድትማር የአይሁድ ምግብ መጽሐፍ ሰጥቷት ነበር፤ ሞከረችው፣ አልሆነላትም አሉ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያ ዶሮ ወጧን አሳርራ ስታለቅስ የነበረች አንዲት የዘመዴ ሙሽራ ትዝ አለችኝ! የሰው ልጅ ከአያቱ ቤት የሚሸከመው ነገር ብዙ ጊዜ ጸሎት ሳይሆን ምግብና ድምፅ ነው። መልካም ነው ወይስ መጥፎ፣ ቄሶቻችን ይፍረዱት።

ድምፁንስ? አያቷ ሲንቲያ በወጣትነታቸው ዘፋኝ ነበሩ። በሶሆ በ1959 የለንደንን ስመ ጥር የጃዝ ቤት የከፈተው ሳክስፎን ተጫዋች ሮኒ ስኮት ወዳጃቸው እንደነበር በቤተሰቡ ይነገራል፤ እሱም የምሥራቅ ለንደን አይሁድ ልጅ ነው። በእናቷም ወገን የጃዝ ሙዚቀኞች ነበሩ። አባቷ ቤት ውስጥ የፍራንክ ሲናትራን ዘፈን ሲያንጎራጉር ይውላል። አዝማሪ ቤት ያደገ ልጅ ማሲንቆ ማን እንዳስተማረው አይናገርም፤ እሷም እንዲሁ ነበረች። ሳራ ቮንና ዳይና ዋሽንግተንን እየሰማች አደገች፤ ከእንግሊዝ ብሔራዊ የወጣቶች የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር ስትዘፍን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበረች።

የመጀመሪያ አልበሟ "ፍራንክ" በኦክቶበር 2003 ወጣ፤ ዕድሜዋ 20 ነው። ከዚያ አልበም አንዱ ዘፈን በ2004 ኖቬሎ የተባለውን የእንግሊዝ የዘፈን ደራሲዎች ሽልማት አሸነፈ። ሽልማቱ የሚሰጠው ለድምፅ አይደለም፤ ለድርሰት ነው። የራሷን ግጥም ራሷ ትጽፍ ነበርና! ይህን የምለው ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ፀጉሯና ስለ ንቅሳቷ አውርቶ ሲያበቃ ይህን ስለሚረሳው ነው።

ሁለተኛው በኦክቶበር 2006 የወጣው "ባክ ቱ ብላክ" ነው፤ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ የሰማችው። ከአሥራ አንዱ ዘፈኖች ስድስቱን ያዘጋጀው ማርክ ሮንሰን ነው፤ ለንደን ተወልዶ ኒውዮርክ ያደገ የአይሁድ ልጅ። አምስቱን ደግሞ ሳላም ሬሚ ሠራ። ሮንሰን ብሩክሊን ያሉትን ዳፕ ኪንግስ የተባሉ ሙዚቀኞች አመጣ። እነዚህ ሰዎች የ1960ዎቹን የሶል ሙዚቃ በጥንቱ ዓይነት፣ ድምፅን በቴፕ ላይ እየቀረጹ የሚጫወቱ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ከበሮውና ነሐሱ የ1960ዎቹ ነው፤ ግጥሙ የ2006 የለንደን መንገድ ላይ ወሬ ነው፤ ድምፁ ደግሞ የ1940ዎቹ ጃዝ። ይህ ሦስቱ በአንድ ድስት ሲወጠወጥ ሌላው ሰው ቢሠራው ይበላሽ ነበር። እሷ ጋ የሰመረው በአንድ ሙያ ይመስለኛል፤ ከምቱ ትንሽ ዘግይታ ትገባለች። ከበሮው ይመታል፣ ቃሏ ግን የማትፈልገውን ነገር ለመናገር እንደምታመነታ ሰው ወደኋላ ይቀራል፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ ትደርስበታለች። ጥሩ የትዝታ ዘፋኝ ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። በዘፈቀደ የሚመጣ ነገር አይደለም።

በ2008 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ፈተና ላይ የእሷን "ላቭ ኢዝ ኤ ሉዚንግ ጌም" ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ከሰር ዋልተር ራሊ ጋር እንዲያነጻጽሩ አወጣ። ያው ዘፈን በዚያው ዓመት ኖቬሎን አሸነፈ። ስካር እንዲህ ያለ ግጥም አይጽፍም።

አሁን ደግሞ እናቴ ትክክል የሆነችበትን ልንገራችሁ። "ማን ሞቶባት ነው?" ብላ ስትጠይቅ "ማንም" አልኳት። አላውቅም ነበር። ያ አልበም በተሠራበት ዓመት፣ በሜይ 2006፣ አያቷ ሲንቲያ አርፈዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ አይቶታልና በአጭሩ ልለፈው። በ2007 አገባች፤ ባሏ ታሰረ፤ በ2009 ተፋቱ። እንደ ፋኒ ብራይስ ጊዜ ሁሉ ሰው ዘፈኑን ትቶ ወደ ጓዳዋ ገባ፤ አሁን ግን በካሜራ። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2008 በአንድ ሌሊት አምስት ግራሚ አሸነፈች፤ ለእንግሊዛዊት ሴት የመጀመሪያው ነው። አሜሪካ ግን አልነበረችም። ቪዛ መጀመሪያ ተከለከለች፣ በማግስቱ ተፈቀደላት፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ ለንደን ሆና በሳተላይት ዘፈነች። ስሟ ሲጠራ ክው ብላ ቀረች፤ እናቷ መጥተው አቀፏት። ቪዲዮውን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ቪዛ ጠብቆ በኤምባሲ ደጃፍ ያደረ ሰው ደግሞ ያቺን ሌሊት በሌላ ዓይን ያያታል።

"ሪሃብ" በተባለው ዘፈኗ ላይ ክርክሬ ይላላል፤ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። ኒውዮርክ ከሮንሰን ጋር በእግር ሲሄዱ ለሕክምና ግቢ ሲሏት እንዴት እምቢ እንዳለች እንደ ቀልድ ነገረችው፤ እሱም ይህማ ዘፈን ነው አላት፤ ሆነም። ያኔ ሰው ሁሉ እየሳቀ ጨፈረበት። ዛሬ ስሰማው አልስቅም። እዚያ ላይ በሽታው ራሱ ብዕር የያዘ ይመስላል።

ቢሆንም ነገሩን ገልብጠው ሲነግሩን አልቀበልም። አሁን ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ላይ ደረስኩ። ከቅርብ ዘመዶቼ አንዱ በመጠጥ ሞቷል። በሱዳን በኩል የመጣ ሰው ነው፤ እዚያ ካምፕ ውስጥ ሁለት ልጆች ቀብሯል። ማንነታችን እንዳይታወቅ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ እንኳ የማይቻልበት ጊዜ ነበር፤ ሙሾ የለ፣ ሰባት ቀን የለ። እዚህ ከገባ በኋላ ሲጠጣ ሁላችንም "ሐዘኑ ነው፤ ተዉት፤ ሱዳን ነው የሚያስጠጣው" አልን። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ አልን። ሐዘኑ እውነት ነበር። ግን ሐዘን ጉበት አያቃጥልም። ሐዘኑን ስላከበርን በሽታውን አላየንለትም፤ አንድ ሰው እጁን ይዞ ሐኪም ዘንድ አልወሰደውም። እኔንም ጨምሮ። እንግዲህ "ሐዘኗ ገደላት" ሲባል ስሰማ የማይጥመኝ ለዚህ ነው።

ኤሚ ከመሞቷ አራት ወር በፊት፣ በማርች 2011፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገባች። አብሯት የሚዘፍነው ቶኒ ቤኔት ነው፤ 84 ዓመቱ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታደንቀው ሰው። ዘፈኑ ምን ይመስላችኋል? ያ በ1930 የተሠራው "ቦዲ ኤንድ ሶል"! ሲቀረጽ የተነሣው ፊልም አለ። ትጀምራለች፣ ታቋርጣለች፣ ራሷን ትነቅፋለች፤ ሽማግሌው በትዕግሥት ያረጋጋታል፤ እንደገና ትጀምራለች። የምታለቅስ ሴት አይደለችም እዚያ ላይ። ሥራዋ አልጥም ያላት ባለሙያ ናት። የመጨረሻ ቅጂዋ እሱ ሆነ። ዘፈኑ የወጣው በሞተች በሁለተኛው ወር፣ 28 ዓመት ይሞላት በነበረበት ቀን ነው፤ በ2012 ግራሚ አገኘ፤ ወላጆቿ ተቀበሉላት።

በጁን 2011 ቤልግሬድ ላይ መድረክ ላይ ቆማ መዝፈን አቃታት፤ የቀረው ጉዞ ተሰረዘ። በጁላይ 23 ካምደን ባለው ቤቷ ሞታ ተገኘች። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እኛ እዚህ ሰንበት ወጥቶ ሬዲዮ ስንከፍት ነው የሰማነው። 27 ዓመቷ ነበር። በምርመራው በደሟ ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር 416 ሚሊ ግራም አልኮል ተገኘ፤ በእንግሊዝ መኪና ለመንዳት የሚፈቀደው 80 ነው። ሕገ ወጥ ዕፅ አልተገኘም። ከዚያ በፊት ለተወሰነ ጊዜ መጠጥ ትታ ነበር። ለዓመታት የበላችውን የሚያስወጣት ቡሊሚያ የተባለ ሕመምም ነበረባት፤ ወንድሟ ገላዋን ያደከመው እሱ እንደሆነ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል።

ያን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። "ያቺ አልቃሿ?" አለች። ዝም ብላ ቆየችና "ታዲያ ለእሷ ማን ያለቅስላታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ አላወቅሁም። አሁን ልመልስ እችላለሁ።

ቀብሯ ማክሰኞ ጁላይ 26 በኤጅዌርበሪ የአይሁድ መካነ መቃብር ተደረገ፤ ጸሎቱ በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ ነበር፤ ሥርዓቱን የመራው ረቢ ነው። አባቷ ስለ ልጃቸው ተናገሩ። በመጨረሻ የካሮል ኪንግ ዘፈን ተዘፈነ፤ ኤሚ የምትወደው ነበር። ከዚያ ቤተሰቡ ሳውዝጌት ላይ ሺቫ ተቀመጠ። ገላዋ ግን ጎልደርስ ግሪን ውስጥ ተቃጠለ። ይህን ስነግራት እናቴ ፊቷን አዞረች። በሃላካ አይፈቀድም፣ በእኛም ወግ የማይታሰብ ነው፤ የሪፎርም ጉባኤዎች ግን ይፈቅዳሉ። እኔ ለመፍረድ አልበቃም። የአያቷም ገላ እንዲሁ ተደርጎ ነበርና በሴፕቴምበር 2012 የሁለቱ አመድ በአንድ ላይ ኤጅዌርበሪ ተቀበረ።

በ2013 ለንደን፣ ካምደን ያለው የአይሁድ ቤተ መዘክር ከወንድሟ ጋር ሆኖ ስለ ቤተሰባቸው አንድ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። (የቤተ መዘክሩ ሕንጻ በ2023 ተዘግቷል።) በ2014 ኤግዚቢሽኑ ቴል አቪቭ፣ ያኔ ቤት ሃትፉጾት ይባል ወደነበረው፣ ከ2021 ጀምሮ አኑ ወደሚባለው ሙዚየም መጣ። እናቴን ይዣት ሄድኩ። ጉልበቷን ስለሚያማት ቀስ እያልን ነው የዞርነው። ልብሶቿ፣ ጊታሯ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያሉ ነገሮቿ። ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ታገላብጣቸው የነበሩ የቤተሰብ ፎቶዎች ያሉበት ሻንጣም የኤግዚቢሽኑ አካል ነበር። እናቴ ሻንጣ ስታይ ሁልጊዜ ትቆማለች፤ እኛ ስንመጣ ሻንጣም አልነበረንም፣ ፎቶም አላመጣንም።

አንዱ ፎቶ ላይ ያሉትን ሽክ ያሉ ሴትዮ በጣቷ እያሳየች "እኒህስ?" አለችኝ።

"አያቷ ናቸው፤ ዘፋኝ ነበሩ" አልኳት።

"እ…" አለች እናቴ፤ ራሷን ነቀነቀች። "እኒህ ናቸዋ ያስተማሯት።"

ሻባት ሻሎም። ቸር ያሰማን።